«አንቺ» የተባለው አጥቂ

«አንቺ! ተኝተሻል እንዴ? አቀብዪኝ እንጂ!»

ጦልሃ ይህን ሲጮህ ኳሷ ከታናሽ ወንድሙ ከከሪም እግር ስር ነበረች። አሰልጣኝ ዓለምሰገድ ፊሽካ ነፍተው ልምምዱን አስቆሙት።

«ማንን ነው አንቺ የምትለው?»

«ከሪምን ነዋ፣ ኮች።»

«ወንድ ልጅን? ያውም ወንድምህን? ሰው የሚሳደብ አጥቂ እኔ ጋ አይጫወትም። ማልያውን አውልቅ!»

ልጆቹ ሳቁ። አሰልጣኙ ግን ከደብረ ብርሃን ከመጡ ገና ሳምንታቸው ነበር። ድሬ ውስጥ ወንድ የሚወደውን ወንድሙንና ጓደኛውን «አንቺ» እንደሚለው ማን ይንገራቸው? ጦልሃ እንደሆነ ኩሩ ነው፤ ከሚያስረዳ የደቻቱን ወንዝ በጎርፍ ቢሻገር ይመርጣል። ያም ሆኖ አጥቂ ነው! አንዴ የመታት ኳስ ከከተማው ዳር ያለው መልካ ጀብዱ ደርሳ በባጃጅ ተመልሳለች። ያላመነ ባለባጃጁን ይጠይቅ።

አንዱ ልጅ ሊያስረዳ ሲሞክር አሰልጣኙ «ዝም! የተሰደበው ራሱ ይናገር» አሉ። «ከሪም፣ ሁሌ እንዲህ ነው የሚልህ?»

ከጦልሃ የተቀበሏት ዘጠኝ ቁጥር ማልያ እጃቸው ላይ ተንጠልጥላለች። ከሪም እሷን ሲመኝ ስንት ጊዜ በሕልሙ ለብሷት ተነስቷል። ቅዳሜ ደግሞ ከመልካ ጀብዱ ልጆች ጋር ግጥሚያ አለ።

አንገቱን ደፋ። «ቤትም እንዲህ ነው የሚለኝ፣ ኮች።»

ውሸት አልነበረም። እውነት ነው እንዳትሉም ግን።

ማልያዋ ለከሪም ተሰጠች።

ማታ ራት ላይ ጦልሃ «ከሪም፣ እባክህ ውሃውን አቀብለኝ» አለ። ሲቀበለውም «አመሰግናለሁ» አለ።

እናታቸው ቱሪያ ጉርሻዋን አየር ላይ አቆመችው። «ወሪያ! ምን ሆናችሁ?»

«ምንም፣ እማ። በሥርዓት እየጠራሁት ነው።»

ከሪም ሊያስቀው ሞከረ። «አቦ አንቺ፣ ተኮራረፍን እንዴ?»

«ከአንተ ጋር? አልተኮራረፍንም።»

የሒሳብ አስተማሪው እንኳ እንዲህ ጨዋ ሆኖ አናግሮት አያውቅም። ድሬ እንደ ምድጃ ስትግል ከሪም በረደው። በማግስቱም አንተ፣ ከዚያም አንተ። እቤት የገባ እንግዳ የሆነ መሰለው።

ቅዳሜ ጦልሃ ከሜዳው ዳር፣ በዛፍ ጥላ ስር አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ጫማውን እያሰረ ነበር። ከሪም ዘጠኝ ቁጥርን እንደለበሰ አሰልጣኙ ጋ ሄደ።

«ኮች፣ አንቺ ስድብ አይደለም። እዚህ የምንወደውን ነው አንቺ የምንለው።»

አሰልጣኙ ትኩር ብለው አዩት። «ታዲያ ያን ቀን ለምን ይህን አልነገርከኝም?»

ከሪም በቂ ሰበብ ነበረው፤ ጥርሴን አሞኝ፣ ዝንብ ውጬ፣ ጅብ ምላሴን… ሁሉንም ዋጣቸው።

«ማልያዋን ፈልጌ ነው።»

አሰልጣኙ በጣታቸው ወደ ጦልሃ አመለከቱ። «መልስለት» አሉ። «አንተ ዛሬ ተቀያሪ ነህ።»

ከሪም አልተከራከረም። ማልያዋን አውልቆ ጦልሃ ጉልበት ላይ አስቀመጠና አግዳሚው ላይ ጥላው ካለቀበት፣ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ።

ጦልሃ ማልያዋን አየ፤ ወንድሙን አየ። ማልያዋን አጠለቀ። ተነስቶ ከከሪም ወዲያ ማዶ፣ ፀሐዩ ላይ ተቀመጠና በትከሻው ወደ ጥላው ገፋው።