ጀርባውን የሰጠ ጠጋኝ

ኤቢሴ የእናቷን ድምፅ ልታጣ የደረሰችው በገዛ እጇ ነው። አምቦ ውስጥ ጠጋኝ የጠፋ ይመስል፣ የቪዲዮ ዴኩ ካሴቱን አልተፋም ሲላት በቢላዋ ልትፈለቅቀው ገባች። ሶኬቱን እንኳ አልነቀለችም። ኮረንቲው ወዲያ ወረወራት፤ የካሴቱም ክር ተጨማዶ እዚያው ተወተፈ።

ካሴቱ የወንድሟ ሠርግ ነው። እናቷ ወይዘሮ ጉዴ ከሞቱ ወዲህ ሲስቁ የሚታዩት እዚያ ላይ ብቻ ነው። ወንድሟም ርቆ ሄዷል። ከጤና ጣቢያ ሥራዋ ስትመለስ የሚቀበላት ሰው የለም፤ ያንኑ ካሴት ከፍታ ታመሻለች።

ዴኩን ታቅፋ ከጠጋኙ ከያሕያ ሱቅ ደረሰች።

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር!» አለ ያሕያ የተቃጠለ ጣቷን አይቶ። «መጀመሪያ ሶኬት ይነቀላል። አቧራውን ማራገፍ፣ ክሩ የሚነካውን በአልኮል መጥረግ ያንቺ ሥራ ይሁን፤ አሳይሻለሁ። ይሄ መብራት የሚገባበት ግን ተነቅሎም ኮረንቲ ያቆያል። እሱን ለእኔ ተዪው።»

«አንተንስ አይዝህም?»

«እኔማ ለምጄዋለሁ» ብሎ ሳቀ።

ያሕያ አንድ ልማድ አለው። የሰው ቤት ቪዲዮ ሲሞክር ለቴሌቪዥኑ ጀርባውን ሰጥቶ በጆሮው ብቻ ይከታተላል። «ሰው የሚያመጣልኝ ዕቃውን ነው፤ ገመናውን አይደለም» ይላል።

የተጨማደደውን ክር ሲያቃና ሰነበተ። ኤቢሴም ከሥራ ስትወጣ እግሯ ወደዚያው ሆነ። አልኮሉን ራሷ ይዛ እየመጣች መጥረግ ተማረች። አንዳንዴ ጎን ለጎን ሲሠሩ ይመሽባቸዋል።

አንድ ቀን ከቴሌቪዥኑ «ኤቢሴ፣ ኮቱ! ነይ እንጂ ልጄ!» የሚል ድምፅ ወጣ። እናቷ ወደ ጭፈራው ሲጠሯት ነው። ኤቢሴ አለቀሰች። ያሕያ ሳይዞር መሐረቡን ወደ ኋላ ዘረጋላት።

ከዚያ ወዲህ በሩ ላይ ብቅ ስትል «ኮቱ!» ይላት ጀመር። ወደደችው፤ ምን ይደበቃል።

ዴኩ ተጠግኖ ያለቀ ዕለት፣ ካሴቱ እየሄደ ሳለ፣

«ያሕያ፣ ዙር» አለችው።

«ምን ሆንሽ?»

«እናቴን እያት። እሷን ሳያውቅ ማንም አግብቶ አይወስደኝም።»

ካቻቢቴውን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አልዞረም።

«ኤቢሴ፣ አባቴ ሱቁን ወደ ባኮ እያዛወሩ ነው። እዚያ መድና ከምትባል ልጅ ቤተሰቦች ጋር የኒካዬን፣ የጋብቻዬን ቀን ቆርጠዋል።»

«ስለ እኔ ንገራቸዋ!»

«ነገርኳቸው። ‹የእምነታችን ያልሆነች?› ብለው አልጋ ያዙ። ያንቺስ ዘመዶች ከነሃይማኖቴ ይቀበሉኛል?»

አጎቷ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ የሚሉትን ታውቃለች።

«ዞር ብለህ እያት ብቻ» አለች በመጨረሻ።

«እናትሽን ካየኋቸው መሄድ ያቅተኛል» አለ። «አባቴን ደግሞ መግደል አልችልም።»

ካሴቱ እስኪያልቅ ጀርባውን እንደሰጠ ቆየ።

ያሕያ ባኮ ሄደ። ኤቢሴ ዛሬም ሶኬቱን ነቅላ፣ አቧራውን አራግፋ፣ ክሩ የሚነካውን ትጠርጋለች። የከለከላትን አትነካም። ካሴቱን ከከፈተች በኋላ ግን ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ እሱ ይቀመጥ እንደነበረው ለቴሌቪዥኑ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጣለች።

«ኤቢሴ፣ ኮቱ!» ይላሉ እናቷ።

«መጣሁ» ትላለች። ከተቀመጠችበት ግን አትነሳም።