ከሬንጁ ሥር

ቀዳዳዎቹ ሦስት ነበሩ።

በያጇ መፋቂያውን ጣለችው። የአባቷን ያረጀ የአሳ ጀልባ ግቢ ውስጥ ገልብጣ፣ ከሆዱ ላይ የደረቀውን ሬንጅ ስትፍቅ ነው የዋለችው። አሉሚኒየም ስለሆነ ዝገት አልበላውም። በይዳና ቀለም ቀብታ ውኃ ላይ ልትመልሰው ነበር።

አባቷ በዚህ ጀልባ ወጥቶ የቀረው እሷ ገና ስትድህ ነው። ድንጋይ መትቶት ሰጠመ ተባለ።

ድንጋይ ደግሞ እንዲህ አክብቦ አይበሳም።

ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰችው። ወደ ውጭ ነው የተገፋው። አንድ ሰው ከውስጥ ሆኖ በመሰርሰሪያ በስቶታል።

እጇን ጠርጋ ስልኳን አነሳች።

ፖሊስ ጣቢያ ደወለች። የመጣችው መርማሪ ጀልባውን አስቃንታ ውስጡን አየች። ወለሉ ላይ የተገጠመው ጣውላ ቀዳዳዎቹን ሸፍኗቸዋል።

«የጣውላውን ነገር ለማንም እንዳትተነፍሺ» አለቻት። «ጀልባውን ማን መለሰው?»

«ጋሽ ቀጮ። የአባቴ ሸሪክ ነበር፤ ጀልባውን በፈረቃ ነበር የሚያወጡት። ያን ቀን ተራው የሱ ነበር፤ አሞኛል ብሎ ቀረ።»

«ሬንጁንስ ማን ቀባው?»

«እሱው ነው። አጎቴ ሁሌ እንደዚያ ነው የሚለው።»

ቀጮ ሐይቁ ዳር መረብ ሲጠግን አገኙት።

«ያን ቀን ምን አሞዎት ነበር?» አለች መርማሪዋ።

«ትኩሳት። ዓይኔን መግለጥ አቅቶኝ ነበር።»

«ማን አየዎት?»

«እናቴ። እሷም አፈር ሆነች።»

«ሬንጁን ለምን ቀቡት?»

«እኔ?» መረቡ ከእጁ ወደቀ። «ሸምበቆ ውስጥ አግኝቼ ጎትቼ ለወንድምየው አስረከብኩ፤ በቃ። ዳግመኛ ማየት አልፈለግሁም። በኔ ተራ እኮ ነው የሞተው!»

አንዱ ይዋሻል።

አጎቷ አናጢ ነው። እናቷ በወሊድ ስለሞተች አባት ሆኖ ያሳደጋት እሱ ነው፤ «አባባ» ነው የምትለው። ሱቁ ውስጥ እንጨት ሲልግ ደረሱ።

«የወንድምዎ ጀልባ ተበስቶ ተገኝቷል» አለች መርማሪዋ። «ሆን ተብሎ።»

አጎትየው ራሱን ያዘ። «ቀጮ! ድሮም አላምነውም ነበር። ዓይኑን በጨው አጥቦ ለቅሶ ደርሶኛል እኮ! ወለሉን ነቅሎ፣ በስቶ፣ መልሶ ሲገጥም ማን ያየዋል!»



«ስለ ወለል እኮ አላነሳሁም» አለች መርማሪዋ።

በያጇ አጎቷን አየችው። እንዲስቅ፣ እንዲቆጣ፣ አንድ ነገር እንዲል ጠበቀች። እሱ ግን መላጊያውን አስቀምጦ ተቀመጠ።

«አባባ?»

«ለሱ አልነበረም» አለ፤ ድምፁ ከጉድጓድ የወጣ ይመስል ነበር። «ለቀጮ ነው። ልታገባኝ ቃል የሰጠችኝን ልጅ ወስዶብኝ ነበር፤ ሰርጋቸው ደርሶ ነበር። ወለሉን እንድጠግን ጀልባውን ሲሰጡኝ በሳሁትና በሳሙና ደፈንኩት፤ ውኃው እያሟሟ እንዲከፍተው። ቀጮ መታመሙን፣ ወንድሜ በሱ ተራ መውጣቱን የሰማሁት ጀልባው ሳይመለስ ሲቀር ነው።»

«ሬንጁንም አንተ…»

«እኔ ነኝ።»

«እኔንስ ለምን አሳደግኸኝ?» ጮኸች። «በትከሻህ ተሸክመህ ትምህርት ቤት ያደረስከኝ ለምንድን ነው?»

«ወላጅ ያሳጣሁሽ እኔ አይደለሁ? ለማን ልተውሽ?»

መርማሪዋ ካቴናውን አወጣች። ውጭ ነፋስ ነበር። በያጇ ሳታስበው ጃኬቱን ከሚስማሩ ላይ አነሳች፤ በየጠዋቱ እንደምታደርገው አለበሰችው። አንዱን ቁልፍ ቆለፈች። ሁለተኛውን ቆለፈች።

ሦስተኛው ላይ እጆቿ ምን እያደረጉ እንደሆነ ገባት። እንደተቃጠለ ሰው ሰብስባቸው ወደ ኋላ ሸሸች።

የቀሩትን ራሱ ሳይቆልፍ እጆቹ ታሰሩ። ደረቱን ነፋስ እየመታው ወጣ።