የማይወድቀው ሰርቨር

«የቤት ሥራዬን ልኬዋለሁ አልኩሽ!» አለ ቦያን፣ ቦርሳውን በኮምፒዩተር ክፍሉ ወንበር ላይ ወርውሮ። «የመላኪያ ገጹ ራሱ ‹ደርሶኛል› ብሎኛል። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ፣ አጅቤ ልሸኘው?»

«ባለፈው ውሻ በላብኝ ብለህ ነበር» አለችው ጓደኛው ራሊጻ፣ ዓይኗን ከኮምፒዩተሩ ሳትነቅል።

«እሱ ውሸት ነበር። ይሄ እውነት ነው።»

የታሪክ መምህርቷ ወይዘሮ ኩኔቫ ግን ሰበብ መስማት ሰልችቷቸዋል። ከስድስት ሁለት ሰጥተውታል። ነጥቡ ካልተስተካከለለት ክፍሉን መድገሙ ነው።

ራሊጻም ደክሟታል። የበረዶውን ወራት በሙሉ የትምህርት ቤቱን ዋና ኮምፒዩተር፣ የሊኑክስ ሰርቨሩን፣ ስትንከባከብ ከርማለች። የቤት ሥራ የሚቀበለው ፕሮግራም ሥራ አቁሞ በወደቀ ቁጥር ወዲያው የሚያስነሳውን ጠባቂ ስክሪፕት፣ ማለትም አጭር ፕሮግራም፣ የጻፈችው እርሷ ናት፤ ከውድቀቱ የተረፈውን ቁርጥራጭ ፋይል የሚጠርገውንም እንዲሁ። ርዕሰ መምህሩ «አንድ ቀን እንኳ ያልቆመ» ብለው ሥራዋን በሶፊያ ለሚካሄደው የተማሪዎች የኮምፒዩተር ውድድር አቅርበውላታል። ዳኞቹ ነገ ያዩታል።

«እስቲ ያንኑ ፋይል እንደገና ላከው» አለችው።

ቦያን ከስልኩ ላከ። ፋይሉ የዳኑብ ድልድይ ፎቶዎች የታጨቁበት፣ ከባድ ነበር። ፋይሉ ገብቶ ሳያልቅ ስልኩ «ደርሶኛል» የሚል መልስ አሳየው። በሰርቨሩ ስክሪን ላይ ግን ፕሮግራሙ ወደቀ፤ ጠባቂው አነሳው፤ ጠራጊው ጠረገ። ዓይን ተርገብግቦ እስኪከፈት ሁሉም አለቀ። ሰርቨሩ እየሠራ መሆኑን የሚያሳየው አረንጓዴ ምልክት እንደበራ ነው። ራሊጻ የመቀበያውን ፎልደር ከፈተች። ባዶ ነበር።

«ምን አገኘሽ?»

«የኔ ጠራጊ ነው የበላው።»

«ውሻው ይሻለኝ ነበር» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። «ስንቱ ልጅ ይሆን እንደኔ ውሸታም የተባለው?»

ራሊጻ ወደ ስክሪኑ ዞረች። ፕሮግራሙ ማንም ሳያየው ሲወድቅ፣ ማንም ሳያየው ሲነሳ ከርሟል። ስህተቱን ዛሬውኑ በዝምታ ማረም ትችላለች፤ ዳኞቹም ምንም አያውቁም። ቦያን ግን ከነሁለት ነጥቡ ይቀራል።

«ለቲቸር ብነግራትስ?» አለ፤ መልሶም ራሱን ነቀነቀ። «ተይው፣ ማን ያምነኛል።»

ራሊጻ ፊቷን በመዳፎቿ አሸት አሸት አደረገች። ከዚያም ጠባቂውን አቆመች፤ ጠራጊውንም አቆመች።

«አሁን ላክ።»

ፕሮግራሙ ወደቀ። የሚያነሳው አልነበረም። አረንጓዴው ምልክት ቀላ፤ የቦያን ስም ያለበት ግማሽ ፋይልም በወደቀበት ቀረ።

«ኧረ አስነሺው!» አለ ቦያን ደንግጦ። «የነገውን ረሳሽው እንዴ? አብደሻል?»

«ይቆይ።»

ወይዘሮ ኩኔቫ ካፖርታቸውን እየቆለፉ በኮሪደሩ ሲያልፉ ታዩ። ራሊጻ ተነሥታ በሩን ከፈተች።

«ቲቸር፣ ይቅርታ» አለች። «ከማስነሳቴ በፊት የቦያን ፋይል የት እንደቀረ ይዩልኝ።»