በአንድ ረፍት ሁለት ሰላምታ

ምክትል ርዕሰ መምህሩ አቶ ፍቅረየሱስ ከትምህርት ቤቱ አዳራሽ መድረክ ሥር በጀርባቸው ተንጋለው፣ የእንጨት መሰላል ደረታቸው ላይ ወድቆ ተገኙ። ከበላያቸው «እንኳን ወደ ወላጆች ቀን በደህና መጣችሁ» የሚለው ጨርቅ በአንድ ጫፉ ብቻ ተንጠልጥሏል። መዶሻው አጠገባቸው ነው፤ የኋላ ጭንቅላታቸው ተፈንክቷል። የሮቤ ከተማ ሰው ለፍርድ ፖሊስ አይጠብቅም። ገና ሬሳው ሳይነሳ፣ ዓመቱን ሙሉ ከሰውዬው ጋር ስትናከስ የከረመችው የስምንተኛ ክፍሏ ዙሀይራ መሰላሉን ገፍታ ገደለቻቸው ተብሎ ተወስኖ አልቋል።

ኢንስፔክተር ረቢያ ስትደርስ ልጅቷ በርዕሰ መምህሯ ቢሮ ተቆልፎባት፣ ከበሩ ውጭ ተማሪው «ነፍሰ ገዳይ!» እያለ ይጮሃል። ረቢያ የሚያስቸኩላትን ሰው አትወድም። የአዳራሹን፣ የቢሮውን፣ የሚኒ ሚዲያውን፣ ሁሉንም ክፍል አስቆልፋ ቁልፎቹን ኪሷ ከተተችና ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለች።

ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረ ነው፤ ግቢው የሚይዘውን የማይለቅ ጥቁር ጭቃ ሆኗል። የሟቹ ጫማ ሶል ጭቃ ጠግቧል። የመሰላሉ መርገጫዎች ግን ታጥበው የተሰቀሉ ይመስል ንጹሕ ናቸው። ከሟቹ ኮቴ ጎን፣ ከአዳራሹ ዋና በር የሚነሳ ትንሽ የጫማ ኮቴ እስከ ፊተኛው አግዳሚ ወንበር ደርሶ ወደ መጣበት ይመለሳል። ከመድረኩ ኋላ ያለችው ጠባብ በር ጣሪያ ባለው ደረቅ ኮሪደር ወደ ሚኒ ሚዲያ ክፍል ታወጣለች፤ በዚያ በኩል ጭቃ የሚባል የለም። መድረኩ ላይ፣ አንድ ወንበር ላይ፣ ቀይ ካልሲ የለበሰ ማይክ ገመዱ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

መጀመሪያ የተጠየቁት ርዕሰ መምህሯ ወይዘሮ ሩሀማ ናቸው።

«ምን ያስጠይቃል?» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «ትናንት በሰልፍ ላይ ‹ወላጅ ሳታመጪ ይህን ግቢ እንዳትረግጪ› አላት። ‹እናያለን!› ብላው ወጣች። ይኸው አየን።»

«ወላጅ አምጪ ያሏት ለምን ነበር?»

«ፍቅረየሱስ ለማንም ምክንያት ነግሮ አያውቅም። ለእኔም ቢሆን።»

«ከእርስዎ ጋር ይስማሙ ነበር?»

«ወንበሬን ይፈልግ ነበር። እኔ ደግሞ አልሰጠውም። ረፍቱን በሙሉ በረንዳዬ ላይ ቆሜ ተማሪውን ሳይ ነበር፤ እነሱም እኔን ሲያዩ ነበር፤ ጠይቂያቸው።»

ስለ ዙሀይራ ሲጠየቅ የትምህርት ቤቱ ሰው ሁሉ ወሬ አላጣም። መስከረም ላይ አርፍዳ መጥታ ተንበርከኪ ስትባል «ጭቃ ላይ አልንበረከክም» ብላለች። በጥር የስፖርት ሳምንት የሴቶች ሩጫ ከፕሮግራም ሲሰረዝ ሴቶቹን አስከትላ ባንዲራው ሥር ተቀምጣለች። መጋቢት ላይ ትምህርት ቤቱ የዞኑን የጥያቄና መልስ ውድድር አሸንፎ ዋንጫ ሲያመጣ ከተወዳዳሪዎቹ አንዷ ነበረች፤ ከዋንጫው ጋር ፎቶ ተነሺ ስትባል ግን እምቢ ብላለች። ያን ቀን ያጨበጨበላት እጅ ዛሬ ድንጋይ ቢያቀብሉት አይመልስም።

ጥበቃው ጋሽ ወዚር በር ላይ ቆመው እጃቸውን ያፋትጋሉ።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ወላሂ እኔ ከበሩ አልተነቃነቅሁም» አሉ። «እናትየዋ ወይዘሮ ከሚላ መጥታ ላስገባ አላስገባ ስንጨቃጨቅ ነው ረፍቱ ያለቀው። ያለ ምክትሉ ፈቃድ ማንንም አታስገባ ተብያለሁ።»

«ልጅቷስ?»

«እሷማ ‹እኔ እጠራቸዋለሁ› ብላ በአጥሩ ሾለከች። አይቼ እንዳላየ አለፍኳት። ያኔ ብይዛት ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።» አንገታቸውን ደፉ።

ቀጥላ የመጣችው ሮሚ የዙሀይራ የልብ ጓደኛ ነበረች፤ ‹ነበረች› ማለት እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ። የድራማና የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል ናት።

«ከአዳራሹ እየሮጠች ስትወጣ አይቻታለሁ» አለች ፈርጠም ብላ። «ለሁሉም የተናገርኩት እኔ ነኝ።»

«እሺ። ከዚያ በፊት ምን ትሠሩ ነበር?»

«ሚኒ ሚዲያ እየሰማን እንስቅ ነበር። በመሃል መብራት ጠፋ። ሲመጣ ቲቸር ኪሩቤል ተምታታባቸው መሰለኝ፣ እንደገና ‹አከም ቡልተን፣ እንደምን አደራችሁ› ብለው ከመጀመሪያው ጀመሩ። በአንድ ረፍት ሁለቴ ሰላም አሉን! ያቺኑ ቀልድ ደግሞ ነገሩን። ግቢው በሳቅ ፈረሰ።»

«ሌላ ጊዜስ መብራት ሲመጣ ምን ይላሉ?»

«እንደማንኛውም ሰው ነዋ፤ ‹ሄሎ፣ ሄሎ፣ ይሰማል?›»

«መድረኩ ላይ ያለውን ማይክ ማን አመጣው?»

«እኔ። ከሰልፍ በፊት ለድራማ ልምምድ አምጥቼ ሳልመልሰው ረሳሁት።» ደነገጠች። «ጠፋ እንዴ? ሌላ እኮ የለንም።»

«አልጠፋም» አለች ረቢያ።

የሚኒ ሚዲያው ኃላፊ መምህር ኪሩቤል ዓይኑ በልቅሶ ቀልቷል። ድምፁ እንደሚባለው ነው፤ ጆሮ ላይ ቅቤ ይቀባል። ለውድድሩ ተማሪዎቹን ያሠለጠነ እሱ በመሆኑ ዋንጫው በቀጥታ የዞን ኃላፊነት ላይ ሊያሾመው ተቃርቧል።

«ረፍቱን በሙሉ ክፍሌ ውስጥ ነበርኩ» አለ። «ትምህርት ቤቱ በሙሉ ድምፄን ሰምቷል። ከዚህ የበለጠ ምስክር አለ?»

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ማይኬን እንደያዝኩ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ።»

«ሲመጣስ?»

«ቀጠልኩ።»

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ረቢያ ፊቷ ላይ ምንም ሳይነበብ አመስግና ሸኘችው።

ዙሀይራ ግን ለጥያቄ እጅ አልሰጠችም። ክንዷን አጣጥፋ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። ረቢያ ሌላ አንድም ነገር ሳትጠይቃት ወጣችና ከበር ላይ ወይዘሮ ከሚላን ይዛ ተመለሰች። ልጅቷ እናቷን ስታይ የያዘችው ሁሉ ተዘረገፈ።

«እማ፣ የውድድሩን ጥያቄ ቲቸር ኪሩቤል ቀድሞ ሰጥቶን ነበር። ነገሩ ከመጋቢት ጀምሮ ሲያንቀኝ ከረመ። ከትናንት ወዲያ ለጋሽ ፍቅረየሱስ ነገርኳቸው። ‹ያለ ወላጅ የልጅ ቃል አልቀበልም፤ ነገ በሰልፍ ላይ እቆጣሻለሁ፣ ሰው እንዳይጠረጥር አንቺም ተቆጪ› አሉኝ። ከቢሯቸው ስወጣ ግን ቲቸር ኪሩቤል በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ፈገግ አለልኝ።»

«ዛሬስ?» አለች ረቢያ ቀስ ብላ።

«ልጠራቸው ወደ አዳራሹ ገባሁ። ወድቀው አየኋቸው። እርዱኝ እያልኩ ወጣሁ፤ ድምፅ ማጉያው ይጮሃል፣ ሰው ይስቃል።» እዚህ ላይ ማልቀስ ጀመረች። ከሚላ ልጇን አቅፋ ረቢያን ልክ ጥፋቱ የእሷ እንደሆነ ሁሉ አየቻት።

ረቢያ ሁሉንም አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ተነስቷል። ተማሪው በመስኮት ተንጠልጥሎ ያጉረመርማል። ሩሀማ «ሰኞ የስምንተኛ ክፍል ፈተና አለብን፤ ይህችን ልጅ ይዘሽልን ሂጂና ነገሩ ይለቅልን» አሉ።

«ልሂድ፤ ግን ማንን ይዤ እንደምሄድ መጀመሪያ ልንገራችሁ» አለች ረቢያ። «አቶ ፍቅረየሱስ መሰላል አልወጡም። ጭቃው ጫማቸው ላይ እንጂ መርገጫው ላይ የለም። ካልወጡ አልወደቁም፤ መሰላሉ ከሞቱ በኋላ ነው የተጫናቸው። ስለዚህ ‹መሰላል ገፋች› የሚለው ወሬ አለቀለት። ልጅቷ መድረኩ ጋ አልደረሰችም፤ ኮቴዋ ፊተኛው ወንበር ላይ ይመለሳል። የገደላቸው ሰው ጭቃ ሳይረግጥ መጥቶ ጭቃ ሳይረግጥ ሄዷል። ያ መንገድ አንድ ነው፤ ከመድረኩ ኋላ ያለው ኮሪደር።»

ዓይን ሁሉ ወደ ኪሩቤል ዞረ።

«እኔ በዚያ ሰዓት እየተናገርኩ ነበር!» አለ። «እናንተው ሰምታችኋል!»

«ሰምተዋል። ሁለቴ ሰላም ሲሏቸው ሰምተዋል» አለች ረቢያ። «ጋሽ ወዚር፣ የሚኒ ሚዲያውን ማብሪያ ይጫኑልኝ።» ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ ሰጠቻቸው፤ እሳቸውም በኮሪደሩ ሄዱ።

ከግቢው ድምፅ ማጉያ ያ ቅቤ የመሰለ ድምፅ ወጣ፦ «አከም ቡልተን፣ እንደምን አደራችሁ፣ ውድ ተማሪዎች...» ኪሩቤል እዚያው አፉን ገጥሞ ቆሟል። ቀልዱ ተጀመረ፤ የሳቀ ግን የለም።

«አሁን ያጥፉትና መልሰው ያብሩት» አለች ወደ ኮሪደሩ ጮክ ብላ።

ድምፁ በቃል መሃል ተቆርጦ ቀረ። ትንሽ ቆይቶ፦ «አከም ቡልተን፣ እንደምን አደራችሁ...»

«ድምፅዎ ፍላሽ ላይ ነው ያለው» አለች ወደ ኪሩቤል ዞራ። «የዘፈን ፍላሽ ሁልጊዜ እዚያው ስለሚሰካ ማንም አያየውም ብለው ተዉት። መብራት ሲጠፋ ሰው ካቆመበት ይቀጥላል፤ ፍላሹ ግን ከመጀመሪያው ይነሳል። የረፍቱን ሰዓት ሲያሰሉ የሮቤን መብራት ረሱ።»

«ያልሰማ ይኖራል ብዬ ነው የደገምኩት! ፍላሹ የትናንት ነው!» ላብ ፊቱን አጥምቆታል። «ማይኩ በእጄ ነበር እያልኩሽ!»

«የቱ ማይክ?»

ረቢያ ቀይ ካልሲ የለበሰውን ማይክ ከወንበሩ አነሳች። ሮሚ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ትምህርት ቤቱ ያለው ይሄ ብቻ ነው። ሮሚ ከሰልፍ በፊት እዚህ አስቀምጣዋለች። ‹የተሰቀለውን ጨርቅ ይዩልኝ› ብለው ሰውዬውን ሲጠሩ፣ ጀርባቸውን ሲሰጡዎት በመዶሻው ሲመቷቸው፣ ማይኩ አጠገብዎ ነበር። ድምፁን ቀድሞ ለቀረጸ ሰው ማይክ ምን ያደርግለታል? ለዚህ ነው ያላዩት። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፣ መምህር።»

ኪሩቤል ተቀመጠ። በኋላ ያወጣው ድምፅ ተማሪው የማያውቀው፣ ሻካራ ድምፅ ነበር።

«ለትምህርት ቤቱ ስም ነው የለፋሁት። ስሙን ያስጠራሁት እኔ ነኝ። በዚህች እብሪተኛ ልጅ ቃል በወላጅ ፊት ሊያዋርደኝ ነበር!»

በካቴና ሲወሰድ አንድ ተማሪ ጮኸበት፤ ሌላውም ተከተለ። ጠዋት በዙሀይራ ላይ የጮኸው አፍ ነው። ረቢያ ይህን ስታይ ከገዳዩ ይልቅ በእነሱ ተናደደች፤ ነገር ግን ለዚህ የሚያስር ሕግ የለም።

ወይዘሮ ሩሀማ ወደ ልጅቷ ቀረቡ። «ልጄ፣ ሰኞ ወንበርሽ ላይ ተቀምጠሽ ትፈተኛለሽ። ማንም አይነካሽም።»

«ጎባ፣ ሌላ ትምህርት ቤት ነው የምፈተነው» አለች ዙሀይራ።

«አሁን እንዴት ይሆናል...»

«የመዛወሪያ ደብዳቤ ይጻፉላት» አለች እናቷ። «ለመኮነን የፈጠነ እጅ ለዚህም ይፍጠን።»

ሩሀማ ከሚላን አዩ፣ ረቢያን አዩ፤ ከዚያ ሊጽፉ ወደ ቢሯቸው ሄዱ።

በሩ ላይ ሮሚ ፊቷ በእንባ ርሶ ጠበቀቻት። «ዙሂ፣ አልዋሸሁም እኮ። በእውነት ስትሮጪ አይቼሻለሁ።»

«አልዋሸሽም» አለች ዙሀይራ። «ስሮጥ የነበርኩት ግን ወደ አንቺ ነበር።»

የእናቷን እጅ ይዛ ጭቃውን አቋርጣ ወጣች።