ከመጋረጃው ወዲያ ያለው ትንፋሽ

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ከሰው ሰምቼ ያመጣሁት አይደለም። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው።

ሐምሌ 1959 ዓ.ም.፣ ፍኖተ ሰላም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ዝናቡ የክሊኒኩን ቆርቆሮ ይደበድባል...

እጅጉ እባላለሁ። ቡሬ ላይ የበርበሬ ነጋዴ ነበርኩ። ፋሲካ ሰሞን ወንዝ ስንሻገር በቅሎዬን አዳለጣትና ጣለችኝ። ጭንቅላቴ ከድንጋይ ተጋጨ።

ቁስሉ ቶሎ ሻረ።

ሕመሙ ግን አለቀቀኝም።

ብርሃን ዓይኔን ይወጋኛል። የገበያ ጫጫታ ያዞረኛል። የጎረቤቶቼ ስም ይጠፋኛል። ጠበልም ገባሁ፤ አልተሻለኝም። ሰው መጀመሪያ ይጠይቀኝ ነበር፤ ኋላ "ነካ አድርጎታል" እያለ ራቀኝ። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ... ቀኑን ሙሉ ቤቴን ዘግቼ እተኛለሁ።

በመጨረሻ ፍኖተ ሰላም ሄጄ ክሊኒኩ አጠገብ አልጋ ያዝኩ። ሐኪሙ መረመረኝና፣

"አንጎልህ ከመናወጡ ገና አላረፈም። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኦክስጅን እንሞክርልህ። ይሽርሃል ብዬ ግን ቃል አልገባም" አለኝ።

የሐኪሙ ረዳት፣ ድሬሰሩ ወልደ ዮሐንስ፣ የጓሮው ክፍል ውስጥ አስተኛኝ። የጎማ ጭምብል አፍና አፍንጫዬ ላይ ገጠመልኝ። ከብረቱ ሲሊንደር አየሩ ስስስ... እያለ መጣ።

"ዝም ብለህ ተንፍስ" ብሎኝ በሩን ዘግቶ ወጣ።

ከአልጋዬ አጠገብ ነጭ መጋረጃ ተዘርግቷል። ከመጋረጃው ወዲያ ሌላ ሰው ይተነፍሳል።

በጭንቅ... እየቆራረጠ...

በማግሥቱ ጭምብሉን ገለጥ አድርጌ "እግዜር ይማርዎ" አልኩ።

"አሜን፣ ልጄ" አለኝ የአሮጊት ድምፅ፣ በሹክሹክታ። "ማን አለህ?"

"ማንም የለኝ።"

"እኔም።"

አቻምየለሽ ይባላሉ። የሽንዲ ሰው ናቸው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እናወራለን፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ በቆሎው... ከወደቅሁ ጀምሮ ረጋ ብሎ ያዋራኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ዘጠኝ ሰዓት እስኪደርስ ይጨንቀኝ ነበር።

ራስ ምታቴ እየቀለለኝ ሄደ። የጎረቤቶቼ ስም ተመለሰልኝ።

የእሳቸው ትንፋሽ ግን እያጠረ ሄደ።

አንዳንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። ጠያቂ የላቸውም። ምግብ የሚያመጣላቸው የለም። ወልደ ዮሐንስ ሲገባ ሲወጣ እንዴት ዋሉ እንኳ አይላቸውም።

ሲያስሉም አልጋው ሲጥ አይልም...

አንድ ቀን፣

"ልጄ" አሉኝ።

"አቤት።"

"ትንሽ... ተውልኝ።"

"ምኑን፣ እናቴ?"

ትንፋሻቸው ብቻ ገባ...

አልወጣም።

ደነገጥኩ። ጭምብሉን አውልቄ በመጋረጃው ሥር እጄን ሰደድኩ።

"እንኩ፣ እናቴ። እንኩ።"

ቀዝቃዛ ጣቶች ከእጄ ተቀበሉኝ።

የጭምብሉ ቱቦ ተወጠረ። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ... ውኃ ጥም የቆየበት ሰው እንደሚጠጣ ዓይነት።

ወልደ ዮሐንስ በሩን ከፍቶ ገባ።

"ጭምብሉስ?"

"ለእሳቸው ሰጠኋቸው።"

"ለማን?"

"ለእማማ አቻምየለሽ።"

ፊቱ አመድ መሰለ።

"የሽንዲዋ?" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"አዎ።"

"ኅዳር ላይ እዚሁ ክፍል ነው የሞቱት። ትንፋሽ አጥሯቸው።" ወደ መጋረጃው ዞረ። "ሲሊንደሩ ከአዲስ አበባ የደረሰው ከተቀበሩ በኋላ ነው።"

መጋረጃውን ገለጠው።

አልጋው ባዶ ነው። ፍራሽ እንኳ የለውም።

ጭምብሉ ግን ከአልጋው ሽቦ ከፍ ብሎ፣ የተኛ ሰው አፍ በሚሆንበት ቦታ ላይ፣ ምንም ሳይዘው አየር ላይ ቆሟል...

ወልደ ዮሐንስ ቀስ ብሎ ወደ ሲሊንደሩ ሄደ። ሊዘጋው መሰለኝ።

የበለጠ ከፈተው።

ከዚያ እጄን ይዞ አወጣኝ። በሩንም የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅስ እንደሚጠነቀቅ ሰው፣ በቀስታ ዘጋው።