ጨርቁ መቼ ታጠበ?

ብጣሹ ወረቀት የተገኘው ከአንዲት ተፈታኝ ጫማ ውስጥ ነው።

ተቆጣጣሪዋ ልጅቷ እግሯን ደጋግማ ስታክ አይታ ጠረጠረች። ጫማዋን አስወለቀቻት። ወረቀቱ ላይ አምስት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች ከላይ ወደ ታች ተደርድረዋል። የጻፋቸው ሰው እጁ እንዳይታወቅበት ሁሉንም በትልልቁ ፊደል ጽፏቸዋል።

"ከማን አገኘሽው?"

"ሁሉም ጋ አለ" አለች ልጅቷ እያለቀሰች።

እውነቷን ነበር። የፈተናው ወረቀት ሲታረም ጉዱ ፈላ። "የተዘበራረቁትን ዓረፍተ ነገሮች በትክክለኛው ቅደም ተከተል አስቀምጡ" በሚለው ጥያቄ ላይ ግማሹ ተፈታኝ የተማከረ ይመስል አንድ ዓይነት መልስ ሰጥቷል። ፖሊስ ተጠራ። ጥያቄውን ያወጣው መምህርም በዚያው ዕለት ጣቢያ አደረ።

በማግስቱ ጠዋት መምህሩ ከሳጅኑ ፊት ተቀመጠ። ክራቫቱም የጫማው ክርም ተወስዶበታል። ሌሊቱን ሲያስብ ያደረው ስለ ራሱ አልነበረም። እናትና አባታቸው ሲሞቱ ታናሽ እህቱ ገና ፊደል አልቆጠረችም ነበር። ያሳደጋት እሱ ነው፣ ከልብስ ሰፊዋ አክስታቸው ጋር ሆኖ። ዘንድሮ ተፈታኝ ናት። ያን ሁሉ ዓመት ትዳር ሳያምረው የቆየው ለዚህች ቀን ነበር።

"ቁርጡን ልንገርህ" አለ ሳጅኑ። "እስከ አመሻሹ ምንጩ ካልታወቀ የትምህርት ቤቱ ውጤት በሙሉ ይሰረዛል። የእህትህም ጭምር።"

"እኔን የፈለጋችሁትን አድርጉኝ። የሷን አትንኩባት።"

"እሱን ለእኔ አትንገረኝ። ፈተናው ስንት ጥያቄ አለው?"

"ስልሳ።"

"ከስልሳው የወጣው ያንተ ብቻ ነው። ለምን?"

"አላውቅም።"

"ፈተናውን የተየበችውን ጸሐፊ ያዝኳት። እሷ ብትሆን ስልሳውንም ታወጣው ነበር። ዘበኛውን ያዝኩት። የፈተናው ሣጥን እሽግ አልተነካም። ስለዚህ ነገሩ የወጣው ቢሮ ከመግባቱ በፊት ነው። ከቤትህ ማለት ነው።"

ሳጅኑ ወንበሩን ወደ መምህሩ አስጠጋ።

"እህትህ ናት እንዳልል፣ ይቺን ጥያቄ ባዶ ትታታለች። ሰርቆ ለሰው አድሎ ራሱ ጦሙን የሚያድር ሌባ አይቼ አላውቅም። እስቲ ጥያቄውን እንዴት እንደምትሠራው ንገረኝ።"

"አንድ አንቀጽ እጽፋለሁ። ዓረፍተ ነገሮቹን በመቀስ ለያይቼ እቆርጣቸዋለሁ። ከዚያ አክስቴ ታምሳቸዋለች።"

"አክስትህ?"

"እንግሊዝኛ አታውቅም። የሚያውቅ ሰው ሲያዘበራርቅ እንኳን ሳያስበው መንገድ ያበጃል። የሷ እጅ ግን አያዳላም።"

ሳጅኑ ወደ በሩ ዞሮ "ሴትዮዋን ጥሯት!" አለ።

አክስትየው ከነጋ ጀምሮ ከእህቱ ጋር ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ነበር። ገቡ። የወንድማቸውን ልጅ ያለ ጫማ ክር ሲያዩት ፊታቸው ተለወጠ። ወንበር ሲሳብላቸው አልተቀመጡም።

"እኔ ነኝ" አሉ። "እሱን ልቀቁት።"

"ምን አድርገው ነው እማማ?"

"ሸጥኩት። ወረቀቱን።"

"ለማን?"

"ለ... ለሚገዛ።"

"እቴቴ፣ ተይ እንጂ!" አለ መምህሩ።

"አንተ ዝም በል!" ወደ ሳጅኑ ዞሩ። "የኔ ጌታ፣ እኔ አሮጊት ነኝ። ብታስሩኝም የሚጎድልብኝ ነገር የለም። እሱ ግን ልጅ የሚያስተምር ሰው ነው።"

ሳጅኑ ሳቁን ዋጥ አደረገ። ቀጥሎ ግን ፊቱ ጠቆረ፤ ቀኑ እየሄደበት ነው። ሁለት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋ። አንደኛው መምህሩ አሽጎ ያስረከበው የመልስ ወረቀት ነው፣ ሌላኛው ከጫማ የወጣው ብጣሽ።

"እንቅልፍ የነሳኝ ይኸ ነው" አለ። "ሁለቱ አይገጥሙም። አንተ ብትሰጣቸው ኖሮ ትክክለኛውን መልስ ትሰጣቸው ነበር። ወረቀቱን ያወጣው ሰው ጥያቄውን እንጂ መልሱን አላገኘም። በራሱ ሠራው፣ ተሳሳተም። እስቲ በአማርኛ አንብብልኝ። መጀመሪያ ያንተን።"

መምህሩ በደከመ ድምፅ አነበበ። ልጅቷ ሰማያዊ ጨርቅ ገዛች። ቆርጣ ቀሚስ ሰፋችው። አጥባ ገመድ ላይ ሰቀለችው። ሲደርቅ ተኮሰችው። በማግስቱ ለብሳው ወጣች።

"የብጣሹስ?"

"ጨርቅ ገዛች። አጥባ ሰቀለችው። ሲደርቅ ተኮሰችው። ቆርጣ ቀሚስ ሰፋችው። ለብሳው ወጣች። ያልተሰፋ ጨርቅ ማን ያጥባል? ስህተት ነው።"

አክስትየው በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሃል ሳቃቸው አመለጣቸው።

"ምኑ ነው ስህተቱ? ስህተቱስ ያንተ ነው! አዲስ ጨርቅ ሳይታጠብ ይቆረጣል እንዴ? በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰብና ቀሚሱ ጉልበቷ ላይ ይቀራል። መጀመሪያ ይነከራል፣ ይደርቃል፣ ይተኮሳል፤ መቀስ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ከስፌት መኪናዬ አጠገብ አድገህ ይቺን አታውቅም? የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ!"



መምህሩ ከሳጅኑ ቀድሞ ገባው። አክስቱን በዓይኑ ሊይዛቸው፣ ዝም ሊያሰኛቸው ሞከረ። እሳቸው ግን ወደ እሱ አያዩም። ደስ ብሏቸዋል፤ የልጃቸውን ነፃ መውጫ ያገኙ መስሏቸዋል።

"ስለዚህ ይኸን የሠራ ሰው ስፌት ያውቃል" አለ ሳጅኑ ቀስ ብሎ።

"አሳምሮ ነዋ!"

"እርስዎ ደግሞ እንግሊዝኛ አያነቡም።"

"የት አውቄ?"

"እቤት ውስጥ ሌላ ስፌት የሚያውቅ ሰው አለ?"

"እህቱ አለችልኝ! እጇ እኮ አሁንስ ከእኔም..."

አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሴትዮዋ በሁለት እጃቸው አፋቸውን ያዙ፤ የሚመለስ ነገር ግን አልነበረም። ያኔ ነው ወንበሩ ላይ የተቀመጡት።

"እኔ ነኝ!" መምህሩ ብድግ አለ። "ጻፍ ሳጅን። እኔ ነኝ ያሳየኋት። እሷ የምታውቀው ነገር የለም።"

"ተቀመጥ።"

"ጻፍ እልሃለሁ! እፈርማለሁ!"

"አንተ ጨርቁ መቼ እንደሚታጠብ የሰማኸው አሁን ነው። እኔም አብሬህ ሰማሁ። ተቀመጥ መምህር።"

እህቱ ተጠርታ ገባች። ያመጣችለትን ምሳ ዕቃ ደረቷ ላይ አቅፋለች። ማንም ምንም ሳይላት ሦስቱንም አየቻቸውና ነገሩ እንዳለቀ ገባት። እንባዋን ያወረደችው ግን የወንድሟን እግር ስታይ ነው።

"የኮትህ ቁልፍ ተበጥሶ ነበር" አለችው። "እቴቴ ትከዪለት አለችኝ። የቆረጥካቸው ወረቀቶች ኪሱ ውስጥ ነበሩ።"

"መልሰሽ አትከቻቸውም ነበር?" ድምፁ ተሰበረ።

"ልከታቸው ነበር፣ ወንድምጋሼ። ግን አልጋው ላይ ደረደርኳቸው። እችል እንደሆነ ልይ ብዬ ነው። ልክ ልክ መሰለኝ። እርግጠኛ ግን አልነበርኩም። ገልብጬ ለጓደኛዬ አሳየኋት። 'ልክ ነው ወይ?' ብቻ ነው ያልኳት። ያንተ መሆኑን ስታውቅ ወረቀቱን ነጠቀችኝ። በነጋታው ክፍሉ ሁሉ ጋ ደርሷል።"

"ከዚያስ?" አለ ሳጅኑ።

"ከዚያማ አፈርኩ። ፈተናው ላይ ሳየው እጄ አልጻፈልኝም። ተውኩት። ሲያስሩት ልናገር መጣሁ። ከነጋ ጀምሮ ያ ወንበር ላይ ነኝ፣ መነሳት አቃተኝ።"

"ለምን እኔን አልጠየቅሽኝም?" አለ መምህሩ። "ብቆጣሽም፣ ብመታሽም፣ ልክ ነው ወይ ብለሽ ለምን እኔን አልጠየቅሽም?"

ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አየችው።

"አንተ አንድ ቀን ልክ ነሽ ብለኸኝ ታውቃለህ?"

መምህሩ መልስ ፈለገ። የተማሪዎቹን ሁሉ ወረቀት የሚያስታውስ ሰው፣ የእህቱን አንድ ጥሩ ቀን አጣ። እንዲያልፍላት ብሎ ነበር የሚጨክንባት። ይህን ሊነግራት አሰበ፤ አፉ ላይ ሲደርስ ግን ለራሱም አልጣመው።

ሳጅኑ ብዕሩን አነሳ። የማይወደውን ሥራ ሊጨርስ እንደሚቸኩል ሰው ጎንበስ ብሎ መጻፍ ጀመረ። የሌሎቹ ውጤት እንደሚተርፍ፣ ወረቀቱን ይዘው የገቡት እንደሚጠየቁ ተናገረ። የእሷ ፈተና ግን ተሰርዟል፤ በሚመጣው ዓመትም አትቀመጥም። አክስትየው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

"አንድ ነገር ቀርቷል" አለ ሳጅኑ። "ልጅቷ የሠራችው መልስ የተሳሳተ ነው ብዬ ልጻፍ? አስበህ መልስ መምህር። ልክ ነው ካልክ ጥያቄህ ሁለት መልስ አለው ማለት ነው። ፈተና አውጪው ኮሚቴ ውስጥ አትቆይም። ሥራህንም እንጃ። ስህተት ነው ካልክ ግን አንተ በነፃ ትሄዳለህ፣ ማንም አይነካህም።"

መምህሩ ብጣሹን ወረቀት ወደ ራሱ ሳበ። አነበበው። ጨርቁ ተገዛ፣ ታጠበ፣ ደረቀ፣ ተተኮሰ፣ ተሰፋ። አንድም ቦታ አላደናቀፈውም። እንዲያውም ከራሱ መልስ ይልቅ ይፈስሳል።

"ልክ ነው" አለ።

"እርግጠኛ ነህ?"

"ጻፈው። ልክ ነው።" ወደ እህቱ ዞረ። "ልክ ነሽ፣ እህቴ።"

ልጅቷ ምሳ ዕቃውን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጠችው።

"አሁን ነው የምትነግረኝ?" አለችው።