አምና ላይ የቆመው ኮምፒውተር

ሟቹ ከወንበሩ አልወደቀም። ግንባሩን ኪቦርዱ ላይ አሳርፎ፣ ቀኝ እጁን ማውሱ አጠገብ እንደጣለ ቀርቷል። ፊቱ ቀላ ብሏል፤ ፀሐይ ላይ ውሎ የገባ ሰው እንጂ የሞተ ሰው አይመስልም። ከፊቱ ያለው ስክሪን በርቷል።

ኢንስፔክተሯ በሩ ላይ ቆማ ክፍሉን አየች። የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ክፍል ከዋናው ሕንፃ ጀርባ ያለች፣ አንድ በርና አንድ መስኮት ያላት ጠባብ ቤት ናት። ከውጭ ካለው ትንሽ ጄኔሬተር የሚመጣው ገመድ በመስኮቱ ስለሚያልፍ መስኮቱ ሁልጊዜ ገርበብ እንዳለ ነው።

«ጭስ ነው» አላት ተረኛው ሐኪም። «ትናንት ከቀትር ጀምሮ መብራት ጠፍቶ ሊነጋ ሲል ነው የመጣው። ጄኔሬተሩን መስኮቱ ሥር አስጠግቶ ሲሠራ ጭሱ ገብቶ መርዞታል።»

«አይሸተውም?»

«ሰሞኑን ጉንፋን አፍኖት ነበር። መድኃኒት ያዘዝኩለት እኔው ነኝ።» ሐኪሙ ጨመረ፤ «ደግሞ ይቺ ክፍል ቤንዚን ቤንዚን ያልሸተተችበት ቀን የለም።»

በግቢው ያለው ሁሉ አደጋ ነው ብሎ ጨርሶ ነበር። ያልጨረሰችው እሷ ብቻ ነበረች።

ሟቹን በሆስፒታሉ ውስጥ በስሙ የሚጠራው አልነበረም። «ነፃው» ነበር የሚሉት። የሕሙማን ካርድ የሚመዘገብበት ፕሮግራም በየዓመቱ የሚታደስ ፈቃድ አለው፤ ክፍያውም በውጭ ገንዘብ ነው። ነፃው ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ሲወተውት ኖረ፤ ማንም ወስዶ ሊጠቀምበት፣ ውስጡን ከፍቶ ሊያስተካክለው የሚችል፣ ክፍያ የሌለው ፕሮግራም እያለ ለምን እንከፍላለን እያለ። በመጨረሻ ቦርዱ አምኖበትም ይሁን ሰልችቶት ፈቀደለት። አዲሱ ፕሮግራም ሰኞ ጠዋት ሥራ ከጀመረ፣ ለፈቃዱ በተያዘው ገንዘብ የሕፃናት ክፍሉ የኦክስጅን ማሽን ይጠገናል። ካልጀመረ ገንዘቡ ለሻጩ ይከፈላል።

ሰኞ ደረሰ፤ ነፃው ሞቶ ተገኘ።

ሬሳውን ያገኘው ምክትሉ የዋናው ሕንፃ ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቁጢጥ ብሏል። ሸሚዙ በጥንቃቄ የተተኮሰ ወጣት ነው። ከሻጩ ድርጅት ያገኘውን የባለሙያነት ወረቀት በመስታወት አስገብቶ ከጠረጴዛው በላይ ስለሰቀለው «ሰርተፍኬት» ይሉታል። ቅጽል ስሙን ያወጣለት ነፃው ነበር።

ዓይኑን እየጠረገ ነፃው እንደ ታላቅ ወንድሙ እንደነበር ነገራት። ኮምፒውተር መፍታትና መግጠም ያስተማረው እሱ ነው። እሑድ አብረው ሲሠሩ ዋሉ፤ ዝናቡ ሲጀምር ግን እናቱ ብቻዋን ስለሆነች ጥሎት ሄደ። ያን ጊዜ ጄኔሬተሩ ከአጥሩ ሥር፣ ሁልጊዜ በሚቀመጥበት ቦታ ነበር። ዝናቡ ሲበረታ ነፃው ራሱ ወደ ግድግዳው ጎትቶት ይሆናል። ጠዋት ምክትሉ በቁልፉ ከፍቶ ሲገባ ያ ነገር ጠበቀው።

«የነካኸው ነገር አለ?»

«ምንም። በሩ ላይ እንዳየሁት እየጮህኩ ወጣሁ። ተመልሼ የገባሁት ከጥበቃው ጋር ነው።»

ኢንስፔክተሯ በኮምፒውተር ክፍሉ ዙሪያ ዞረች። አሸንዳው ተሰብሮ የጣራው ውሃ በሙሉ የሚወርደው መስኮቱ ሥር ስለሆነ ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ሰጠመ። የጄኔሬተሩ የጭስ ማውጫ በመስኮቱ ክፍተት ትይዩ ዞሯል። የነዳጅ ጋኑ ባዶ ነው። ጥበቃውንና አብሯት የመጣውን ፖሊስ ጠርታ ጄኔሬተሩን እንዲያነሱት አዘዘች።

ከሥሩ አቧራ ነበር። አንድ ቅጠል አንስታ ጨበጠችው፤ መዳፏ ውስጥ ተንኮሻኮሸ።

ዳይሬክተሩ ቢሮ ስትገባ የሻጩን ወኪል አብሮት ተቀምጦ አገኘችው። ለማጽናናት ነው የመጣሁት አለ። እግሩ ሥር ያለው ቦርሳ ለማጽናናት ለመጣ ሰው ትንሽ ወፈር ያለ ነበር። ዳይሬክተሩ የክፍሉ ቁልፍ በሦስት ሰው እጅ እንደነበር ተናገረ፤ በሟቹ፣ በምክትሉና በእሱ። እሑድ ከወኪሉ ጋር ምሳ በልቶ ወደ ቤቱ ገባ።

«ምሳ መብላት ወንጀል ሆነ እንዴ?»

«አልሆነም። ማን ከፈለ?»

ዳይሬክተሩ ጠረጴዛውን አየ። ወኪሉ ፈገግ ብሎ ድርጅታቸው ደንበኛ እንደሚያከብር ነገራት። ከዚያ አዲሱን ፕሮግራም ከሁለቱ ልጆች፣ ከነፃውና ከምክትሉ፣ ሌላ የሚያውቀው ማን እንደሆነ ስትጠይቅ ማንም አለመኖሩ ታወቀ። ዳይሬክተሩ እንዳለው ለፈቃድ በጀት አለ፤ ለሥልጠና ግን የለም፤ ለኦክስጅኑ እንኳ ገንዘቡን ለማዛወር ነፃው ስንት ደጅ ጠንቷል።

«እህቴ» አለ ወኪሉ፣ «እሱን የምጠላበት ምክንያት አልነበረኝም። ነፃ ያሉት ነገር መጨረሻው እኛው ጋ ነው። አንድ ሰው ያውቀዋል። ያ ሰው ይታመማል፣ ወይ የተሻለ ደመወዝ ያገኛል። ከዚያ ይደወልልናል። እኔ ሰው መግደል ለምን ያስፈልገኛል? መጠበቅ ይበቃኛል።»

አመነችው። ማመኗ ግን አናደዳት።

ካርድ ክፍል ሰልፉ እስከ ደጅ ደርሷል። ሁሉም «እትዬ» የሚሏት የክፍሉ ኃላፊ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ፣ ያለፈውን ሳምንት ካርዶች ከምራ በእስክሪብቶ ታርማለች።

«ምን እያረሙ ነው እትዬ?»

«ቀን ነዋ። ኮምፒውተራችን አምና ላይ ቆሟል። ትናንት የተወለደውን ሕፃን አምና ተወለደ ብሎ ያትምልሻል። ልጁ ጡት ሳይዝ ዓመት ይሞላዋል። እኛ በእስክሪብቶ እናቃናለን።»

«ለምን እንዲህ ሆነ?»

«አርጅቷል ይሉናል። ጠዋት ጠዋት ሁለቱ ልጆች በር ዘግተው የሆነ ነገር ያደርጉታል፤ ከዚያ ይነሳል። እኛ ‹ጸሎታቸውን አደረሱ› እንላቸዋለን።» ፈገግታዋ ወዲያው ጠፋ። «ቅዳሜ ነፃው ሁላችንንም ጠርቶ አዲሱን አሳየን። ቀኑ ልክ ነበር። ‹እትዬ፣ ከእንግዲህ እስክሪብቶዎን ለልጅ ልጅዎ ይስጡት› አለኝ። ሰርተፍኬት አጠገቡ ቆሞ ነበር፤ እሱ አልሳቀም።»

ኢንስፔክተሯ ስለ ቀኑ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። የሁለቱ ልጆች የጠዋት ጸሎት ምን እንደሆነ ገብቷታል። እንዴት እንደገባት ግን ለማንም አልተናገረችም።

ወደ ኮምፒውተሩ ክፍል ተመለሰች። ሬሳው ተነስቷል። ስክሪኑ ላይ የተከፈተው አሮጌው ፕሮግራም ነው፤ ታች ጥጉ ላይ ያለው ቀን የአምና ነው። ፎቶ ካስነሳች በኋላ ፖሊሱን አጥፍቶ እንዲያበራው አዘዘችው። ማሽኑ አጉረመረመና በራሱ አዲሱን ፕሮግራም ይዞ ተነሳ። ነፃው የጻፈው ሰላምታ ብቅ አለ፤ «እንኳን ደህና መጣችሁ። ይህ የራሳችሁ ነው።»

ፖሊሱ አንብቦ አንገቱን አቀረቀረ።

ሰልፉ ጋብ ሲል ሁሉንም ካርድ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ዳይሬክተሩ ወንበር ተሰጠው፤ እትዬ መደርደሪያውን ተደግፋ ቆመች፤ ሐኪሙ ጋዋኑን እንደለበሰ መጣ፤ ሰርተፍኬት በሩ አጠገብ ቆመ። ኢንስፔክተሯ ወኪሉን ውጭ እንዲጠብቅ ጠየቀችው።

«እኔም ተጠርጣሪ ነኝ ብለው ጠይቀውኛል» አላት በትሕትና። «ስሜ እስኪጠራ ልቆይ እንጂ።»

ለረጅም ጊዜ አየችው። ቀጥላ የምትናገረው እሱ ጆሮ ባይደርስ በወደደች። እንቢ የምትልበት ምክንያት ግን አላገኘችም።

«ከጄኔሬተሩ እንጀምር» አለች። «ዝናብ ስለመጣ ነፃው ራሱ አስጠጋው ተብሏል። መስኮቱ ሥር ግን ከጣራው የሚወርደው ውሃ ሁሉ ነው የሚያርፈው። ጄኔሬተሩን ከዝናብ ለማዳን ዝናቡ ወደሚብስበት ቦታ የሚጎትት ሰው የለም። ደግሞ ዙሪያው ጭቃ ሆኖ ከሥሩ ደረቅ አቧራ ነው። ስለዚህ ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት እዚያ ተቀምጧል።» ወደ ሰርተፍኬት ዞረች። «አንተ ግን ዝናብ ሲጀምር ስትወጣ አጥሩ ሥር ነበር ብለኸኛል።»

«ልብ አላልኩት ይሆናል።»

«ይሆናል። ወደ ኮምፒውተሩ እንሂድ። ነዳጁ ሲያልቅ ኮምፒውተሩ ጠፍቷል። ጠዋት ጥበቃው ሲገባ ግን በርቶ ነበር። የሞተ ሰው ኮምፒውተር አያበራም።»

«መብራት ሲመጣ በራሱ ይነሳል። ሁሉም ያውቃል።»

«ልክ ነህ፤ በራሱ ይነሳል። በራሱ ሲነሳ ግን አዲሱን ይዞ ነው የሚነሳው፤ ሞክረነዋል። ጠዋት የተገኘው አሮጌው ነው። አሮጌውን ሰው ሆን ብሎ ካልመረጠው አይመጣም። ቁልፍ ያላችሁ በሕይወት ሁለት ናችሁ፤ አንተና ዳይሬክተሩ።»

ዳይሬክተሩ ከወንበሩ ከፍ አለ። «እኔ እንኳን አሮጌውን ከአዲሱ ልመርጥ፣ ማብሪያው የት እንደሆነ አላውቅም።»

«ያውቃል ብዬ አልሰጋሁም» አለች እትዬ ቀስ ብላ። ማንም አልሳቀም።

ኢንስፔክተሯ ትንፋሿን ሰብሰብ አደረገች። ወኪሉን አላየችውም።

«አሮጌው ፕሮግራም ፈቃዱ ካለቀ ቆይቷል። የሆስፒታሉ ኮምፒውተር አምና ላይ የቆመው አርጅቶ አይደለም። ቀኑ በየጠዋቱ ወደ ኋላ ይመለስለታል። ፕሮግራሙ ፈቃዱ ገና አላለቀም ብሎ ይታለልና ይከፈታል። ቅዳሜ ነፃው ቀኑን በሁላችሁ ፊት አስተካከለ። ዛሬ ጠዋት እንደገና አምና ሆኖ ተገኘ። መብራት ኮምፒውተር ያበራ ይሆናል፤ ቀን ወደ ኋላ አይመልስም። ይህን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ሞቷል። አንተ በሩን ከፈትክ፤ ሬሳውን አየህ፤ ከመጮህህ በፊት አጠገቡ ቆመህ ማሽኑን አጥፍተህ አበራህና አዲሱ እንዳልደረሰ እንዲመስል አሮጌውን መረጥክ። ልማድ ነውና እጅህ ቀኑን ወደ ኋላ መለሰው።»

ሰርተፍኬት ሁሉንም በየተራ አያቸው። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

«ለዚያች ወረቀት እናቴ የግቢዋን ግማሽ ሸጣለች። አሁን በመስኮቷ የምታየው የሰው ግድግዳ ነው። ፈቃዱ ከታደሰ ድርጅቱ ሊቀጥረኝ ነበር። አንድ ዓመት ብቻ ቆይ ብዬ ለመንኩት። ሳቀብኝ። ‹አዲሱን በነፃ አስተምርሃለሁ› አለኝ። በነፃ ተምሬ ማን ሊከፍለኝ? ለእሱ ነፃ ነው፤ ሚስት የለው፣ እናት የለው። እኔ የተማርኩት የሚሸጠውን ነው።» በመዳፉ ፊቱን ሸፈነ። «ጄኔሬተሩን ያስጠጋሁት እንዲሞት አልነበረም። ራሱን ሲያመው ትቶት ይሄዳል፣ ሰኞ ሳይደርስለት ይቀራል ብዬ ነው።»

«ጠዋት ስትገባ ግን» አለች ኢንስፔክተሯ፣ «መጀመሪያ የነካኸው ማሽኑን ነው። እሱን አይደለም።»

እትዬ ዞራ መደርደሪያውን አቀፈች። ፖሊሱ ካቴናውን አወጣ።

ወኪሉ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይቅርታ» አለ። «ቀኑን ወደ ኋላ መመለስ የጀመራችሁት ከመቼ ወዲህ ነው?»

ዳይሬክተሩ መሐረቡን አውጥቶ ግንባሩን ጠረገ።

ከሰዓት በኋላ ውሉ ተፈረመ። ሌላ ምርጫ አልነበረም፤ አዲሱን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አንዱ አስከሬን ክፍል ነው፣ አንዱ ፖሊስ ጣቢያ። ዋጋው የዘንድሮውና ያለፈቃድ የተሠራበት ጊዜ፣ ከነቅጣቱ ነው። ወኪሉ ቅጣቱ ላይ ቅናሽ አድርጎ ሁለት ጊዜ ተመስግኗል። ሲወጣ በመስታወት የተሰቀለውን ወረቀት አውርዶ ቦርሳው ውስጥ ከተተው፤ ደንቡ እንዲህ ነው አለ።

ኢንስፔክተሯ ስትወጣ በሕፃናት ክፍል በኩል አለፈች። የኦክስጅን ማሽኑ አንሶላ ለብሶ ጥግ ቆሟል። አንዲት እናት ልጇን በእጇ እያራገበች ማሽኑ መቼ እንደሚሠራ ጠየቀቻት፤ የሆስፒታሉ ሰው መስላት ነው። ኢንስፔክተሯ አላውቅም አለቻት። ያን ቀን የዋሸችው ይህን ብቻ ነው።

ቢሮዋ ገብታ በሩን ዘጋች። ኮምፒውተሯን አበራች፤ ሪፖርት የምትጽፍበትን ፕሮግራም ከፈተች። ፈቃዱ አብቅቷል የሚለው ጽሑፍ መጣ፤ በየጠዋቱ ይመጣል። እንደ ሁልጊዜው ታች ጥጉ ላይ ያለውን ቀን ነካችና አንድ ዓመት ወደ ኋላ መለሰችው። ፕሮግራሙ ተከፈተ።

ሁሉንም በሥርዓቱ ጻፈች፤ የሟቹን ሁኔታ፣ ደረቁን አቧራ፣ የተጠርጣሪውን ቃል። ስታትመው ቀኑ በራሱ ከላይ ወጣ። አምና ነው። በዚያ ቀን ነፃው በሕይወት ነበር፤ ይህን ጊዜ ምናልባት አንዱን ኃላፊ ይዞ ስለ ነፃ ፕሮግራም እየወተወተ ነበር።

መሳቢያዋን ስባ እስክሪብቶ ፈለገች።